ማስተካከያ፦ የአማዞን ሊንክ ስለተነካ ብቻ ብር አይከፈልም

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር መልእክት አለ። «የአማዞን ሊንክ ቲክቶክ ላይ ለጥፉ፣ ሰው በነካው ቁጥር ይከፈላችኋል» ይላል። ይህ መታረም አለበት። ነገሩ የኢንተርኔት ገበያው አማዞን «አሶሲየትስ» የሚለው ፕሮግራም ነው፤ የተመዘገበ ሰው በራሱ ስም የተሰጠውን የዕቃ ሊንክ ይለጥፋል። ክሊክ ብቻውን ሳንቲም አያመጣም፤ ኮሚሽን፣ ማለትም ከሽያጩ የሚሰጥ ድርሻ፣ የሚታሰበው በሊንኩ ዕቃ ሲሸጥ ነው።

አንዲት የሂርማታ ልጅ ስለ ቡና መፍጫ ቪዲዮ ሠርታ ሊንኩን አስቀመጠች እንበል። አሜሪካ ያለ ተከታይዋ ሊንኩን ነክቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ከገዛ ድርሻ አላት። በሦስተኛው ቀን ትዝ ብሎት በራሱ ገብቶ ቢገዛ ግን ምንም አታገኝም። ያን ሁሉ ቀረጻና ኤዲቲንግ ለሠራች ልጅ ይህን ቀድሞ አለመንገር ግፍ ነው።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። ከተመዘገባችሁ በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ 3 ሽያጭ ካልመጣ የፕሮግራሙ አካውንታችሁ ይዘጋል። በራስ ሊንክ ለራስ መግዛት አይቆጠርም። ከሽያጩ ኮሚሽን እንደምታገኙም ለተከታዮቻችሁ በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ሰው እናንተን አምኖ ነውና የሚገዛው፣ አትደብቁት።

ምዝገባው ደግሞ ነፃ ነው። «መመዝገቢያ ላኩልኝ» ለሚል ሰው አምስት ሳንቲም እንዳትልኩ።