«ሠራተኛ ጠፋ» ለምትሉ ወገኖቼ

ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ለሰው ጉልበት ዋጋ ለምትከፍሉ ሁሉ ነው። የቤት ሠራተኛ ለቀጠራችሁ፣ ልብስ አጣቢና እንጀራ ጋጋሪ በተመላላሽ ለምታሠሩ፣ የቀን ሠራተኛ ጠርታችሁ አሸዋና ድንጋይ ለምታሸክሙ፣ ፋብሪካ ለምታስተዳድሩ። በለቅሶ ድንኳን ውስጥም ሆነ በቡና ላይ ስለ ሴፍቲኔት፣ ማለትም መንግሥት ድሃ ቤተሰቦችን በአብዛኛው እያሠራ ስለሚደግፍበት ፕሮግራም፣ አንድ ወሬ ከአፋችሁ አይጠፋም። «ሴፍቲኔት ሰዉን አበላሸው። ድሮ ሥራ ለምና ትመጣ የነበረች ሴት ዛሬ መጥረጊያ ይዛ መንገድ ዳር ውላ ገንዘብ ትቀበላለች፤ እኛ ዘንድ ነይ ስትባል አሻፈረኝ ትላለች» ትላላችሁ። የዚህን ንግግር እውነቱን ከሐሰቱ ለይቼ ላሳያችሁ። ሐሰቱ ሊያሳፍራችሁ ይገባል፤ እውነቱ ደግሞ ከሐሰቱ ይልቅ ሊያሳፍራችሁ ይገባል።

የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች ሲጀመር 600 ሺህ የሚያህል ሕዝብ እንዲያቅፍ ታስቦ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 16 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ነበሩ ሳይሠሩ የሚረዱት፤ እነርሱም አቅም ያጡ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን ነበሩ። የቀሩት 84 በመቶ ገንዘቡን የሚያገኙት ሠርተው ነበር። የእናንተን ሰፈር ይጠርጋሉ፣ የተደፈነ ቦይ ይከፍታሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ቆሻሻ ያነሳሉ። ፕሮግራሙ ሲጀመር የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ 60 ብር ነበር። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው የሥራ ቀን የተወሰነ ነው፤ እርሱም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። ከክፍያው 20 በመቶው በባንክ ይቆጠባል። እስቲ ንገሩኝ፣ በወር ለጥቂት ቀናት በቀን 60 ብር እየተከፈለው የሚሰንፍ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው? ከእናንተ መካከል በዚህ ገንዘብ ቤተሰቡን አንድ ሳምንት አኑሮ የሚያሳየን አለ? የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ወሬ እየሰሙ ኖረው መሆን አለበት።

ወደ ገጠሩ ብትሄዱም ታሪኩ ያው ነው። የገጠሩ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ድርቅ በመጣ ቁጥር የዓለምን ደጅ እንጠና ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. ብቻ ከ13 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የዕለት ጉርስ ጠባቂ ሆነው ነበር። ሴፍቲኔቱ ሲመጣ ጉልበት ያለው ገበሬ በወር አምስት ቀን እርከን እየሠራ፣ ኩሬ እየቆፈረ፣ የገጠር መንገድ እየጠረገ እህል ወይም ገንዘብ እንዲያገኝ ተደረገ። የመጀመሪያው የቀን ክፍያ 6 ብር ነበር። ያን ጊዜም «ገበሬው እርሻውን ይተዋል» ያሉ አልጠፉም። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች ግን ወደ ገበሬው ቤት ሄደው መረመሩ፤ ያገኙትንም በ2009 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሴፍቲኔቱን ከግብርና ድጋፍ ጋር አንድ ላይ ያገኙ ቤተሰቦች ሥራ አልቀነሱም። እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ ለሥራ ማስኬጃ ይበደሩ፣ በተሻሻለ የእርሻ ዘዴ ይጠቀሙ፣ ከእርሻ ውጭ የራሳቸውን ንግድ ይጀምሩ ነበር። ሆዱ በመጠኑ የተረጋጋ ሰው ነገን ማሰብ ይጀምራል። ይህን ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም ነበር።

ሐሰቱ ይህ ነው። ወደ እውነቱ ልምጣ።

በአዲስ አበባ ሴፍቲኔቱ ሲጀመር የትኞቹ ወረዳዎች እንደሚቀድሙ የተለየው በዕጣ ነበር። ተመራማሪዎች ይህን ዕድል ተጠቅመው ዕጣ የወጣላቸውን ወረዳዎች ካልወጣላቸው ጋር አነጻጸሩ። ያገኙት ውጤት ለእናንተ ስሞታ ከፊል ምስክር ይሆናል፤ አልደብቀውም። በፕሮግራሙ የታቀፉት ሰዎች ለግል ቀጣሪ የሚሠሩትን ሥራ በእርግጥ ቀንሰዋል። ታዲያ ምን ሆነ? ቀጣሪዎች በቀድሞው ዋጋ ሠራተኛ ማግኘት ስላልቻሉ ዋጋ ጨመሩ። በተመራማሪዎቹ ስሌት ፕሮግራሙ በከተማው ሁሉ ሲዳረስ የግሉ ዘርፍ የጉልበት ዋጋ 18.6 በመቶ ከፍ ይላል። ይህ ጭማሪ የደረሰው መጥረጊያ ለያዘችው ሴት ብቻ አይደለም፤ በሴፍቲኔት ዝርዝር ውስጥ ስሙ ላልተጻፈው የቀን ሠራተኛም፣ ለጎረቤቷ ልብስ አጣቢም ጭምር ነው። ይህ ጭማሪና የሰፈሩ መጽዳት አብረው ሲታሰቡ ለድሃው የተረፈው ጥቅም ከቀጥታ ክፍያው ብቻ ከሚገኘው ስድስት እጥፍ ይሆናል ብለዋል።

እንግዲህ ስሞታችሁ በግልጽ ሲነገር ምን እንደሚመስል ልብ በሉ። ያቺ ሴት መሥራት አላቆመችም። ያቆመችው በእናንተ ዋጋ መሥራትን ነው። ድሮ ያላችሁትን ሁሉ የምትቀበለው ልጆቿ ጾማቸውን እንዳያድሩ ብላ ነበር፤ ዛሬ ለጥቂት ቀናት የሚሆን መተማመኛ አገኘችና «ይህ አይበቃኝም» ለማለት አፏ ተከፈተ። እናንተ ስንፍና ያላችሁት ይህን ነው። ነጋዴው ሸቀጡን በማይረባው ዋጋ አልሸጥም ሲል ብልህ ትሉታላችሁ። አከራዩ ቤቱን በርካሽ አላከራይም ሲል መብቱ ነው ትላላችሁ። ጉልበቷን ብቻ ይዛ ገበያ የወጣችው ሴት ያንኑ ስትል ስለ ምን ታማላችሁ?

የፋብሪካ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች፣ እናንተም ከዚህ ወቀሳ አታመልጡም። «ሠራተኛ አሠልጥነን በወሩ ይሄዳል፤ ወጣቱ የሥራ ፍቅር የለውም» ስትሉ እንሰማለን። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ምሁራን ከ2010 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ለዝቅተኛ ሥራ ያመለከቱ ወጣቶችን ተከታትለዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። አመልካቾቹ በዕጣ ተለይተው ገሚሱ ሥራውን አገኘ፤ ገሚሱ ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር ተሰጠው፤ የቀረው ምንም አልተሰጠውም። ፋብሪካ ከገቡት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመቱ ሲሞላ 77 በመቶው ወጥተው ነበር። ደመወዙ ውጭ ሆነው በራሳቸው ጥረት ከሚያገኙት አይበልጥም፤ ከባድ የጤና ችግር ግን በዝቶባቸው ተገኘ። በነጻ ገንዘብ የተሰጣቸውስ? እንደምትሉት ቢሆን ተኝተው መብላት ነበረባቸው። እነርሱ ግን በዓመቱ ገቢያቸው 33 በመቶ አድጎ ታየ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሦስቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት መጥፋቱንም መናገር ተገቢ ነው፤ ድህነት በአንድ ጊዜ ስጦታ አይነቀልም። ነገር ግን ገንዘብ በእጁ የገባ ወጣት ይሰንፋል የሚለው ፍርሃታችሁ በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ደግሞም አስታውሱ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ባወጣው ዘገባ የሐዋሳ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ያን ጊዜ ከዓለም የልብስ ስፌት ሠራተኞች ደመወዝ ዝቅተኛው ተብሎ የተመዘገበው የእኛው ነበር። ከወላይታና ከሲዳማ ገጠር የመጣች ልጅ በዚህ ገንዘብ ቤት ተከራይታ፣ በልታና ለብሳ እንድትቆይ መጠበቅ ምን ዓይነት ልብ ነው?

ሕጉም ሊያስተካክለን ሞክሮ ከመንገድ ቀርቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ከዚያ ወዲህ ዓመታት ነጎዱ፤ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን ከዚህ በታች አይከፈልህም የሚለው ወለል ሳይበጅለት ቆየ። የቤት ሠራተኛዋን ደግሞ አዋጁ ከነጭራሹ አይመለከታትም። ሌሊት ተነሥታ እስከ እኩለ ሌሊት የምትቆመው ልጅ ዕጣ ፈንታ በእመቤቷ ደግነት ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ሕግ እስኪያስገድዳችሁ አትጠብቁ። የእረፍት ቀኗን ስጧት፤ ደመወዟን በወሩ መጨረሻ ሳታስለምኑ ክፈሏት፤ ለልጃችሁ የትምህርት ቤት ትራንስፖርት ከምታወጡት ጋር አስተያዩትና ጨምሩላት። ይህን ካደረጋችሁ በኋላም ሰው ካጣችሁ ያን ጊዜ ስሞታችሁን እሰማለሁ።

ሴፍቲኔቱ እንከን የለሽ ነው አልልም። ሰውን ወደ ኋላ የሚጎትተው ነገር እናንተ የምትጠቁሙት ሳይሆን ሌላ ነው። በገጠሩ ንብረት ያፈራ ቤተሰብ «ተመርቋል» ተብሎ ከዝርዝር ይወጣል። አንድ ላም መግዛት እህሉን የሚያስቀረው ከሆነ ገበሬው ላሟን ከመግዛት ወደ ኋላ ይላል፤ ገዝቶም ከዘመድ ቤት ይደብቃታል። በእርሱ ቦታ ብንሆን ማናችንም ያንኑ እናደርግ ነበር። አንድ ዝናብ ቢቀርበት የሚወድቅን ሰው ከስሩ ምንጣፉን ሳይሆን መሬቱን ነው የምንስበው። ክፍያ ለወራት ሲዘገይም ያው ነው፤ ሰውየው እርዳታውን አምኖ ማቀድ ስለማይችል አበዳሪ ደጅ ይቆማል። ድጋፉ ድንገት የሚቆረጥ ሳይሆን ገቢው እያደገ ሲሄድ ቀስ እያለ የሚቀንስ፣ ድርቅ ሲመለስ ደግሞ በሩ የሚከፈትለት ቢሆን ገበሬው ላሟን አይደብቅም ነበር። ስለ ጥገኝነት የሚገዳችሁ ከሆነ በየስብሰባው ይህን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የሚመለከተው በዝርዝሩ ውስጥ ሳይገባቸው የገቡትን ነው። የሚያከራዩት ክፍል እያላችሁ፣ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክላችሁ ልጅ እያላችሁ፣ ተጠቃሚዎችን ከሚመለምለው ሰው ጋር በመተዋወቅ ስማችሁን ያስጻፋችሁ አላችሁ። የያዛችሁት ቦታ ባለቤት አለው። እርሱ ምናልባት ከእናንተ ሦስት አጥር ወዲያ ዛሬም የሰው ልብስ እያጠበ ያለ ነው። ድሃውን ሁሉ ሰነፍና አጭበርባሪ ለሚሉትም አፍ የሰጣችኋቸው እናንተ ናችሁ። የተጠቃሚዎች ስም ለሕዝብ በሚነበብበት ቀን ጎረቤቶች ዝም የምትሉት ይሉኝታ ይዟችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያ ይሉኝታ ግን የሚያስርበው እናንተን አይደለም። ስሙ ሳይገባው የተጠራውን በግልጽ ተናገሩ፣ የተረሳችውን ባልቴትም ስሟን ጥሩ፤ ቅሬታችሁንም በጽሑፍ አስመዝግቡና መልሱን ተከታተሉ።