«ተፈጥሮ ነው» የሚለኝ ሰው ዛሬ አይጠጋኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። አሁን ከዚያች ሱቅ መውጣቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ታውቋታላችሁ፤ ስሟን አልጠራም።

ነገሩ የአክስቴ የእትዬ ሻይ ነው። ያ ከዚያች ሱቅ የገዛችው፣ ቦርጭ ያጠፋል የተባለው። ሰሞኑን እንዴት እንደሆነች ልንገራችሁ። ቀን ቀን ሽንት ቤት፣ ሌሊት ሌሊት ልቧ እየመታ እንቅልፍ የለም። ባለፈው ከባጃጅ ስትወርድ አዙሯት የሰው አጥር ይዛ ቆመች። ግፊት ያለባት ሴት እኮ ናት! ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ «እናቴ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀቻት። «የለም ልጄ» አለች። አልዋሸችም። ሻይ ብለው ነው የሸጡላት። ሻይን ማን መድኃኒት ብሎ ለሐኪም ይናገራል? እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ስሙን ሻይ አሉትና ከሐኪሙ ጥያቄ አመለጡ።

ትናንት ማታ ካርቶኑን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ፊቱ ላይ ቅጠል አለ፣ ወገቧን በሜትር የምትለካ ቀጭን ሴት አለች። ጀርባው ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነጭ ስቲከር ተለጥፏል። «100% ተፈጥሯዊ። ምንም ጉዳት የለውም። ለ3 ወር ሳያቋርጡ ይጠጡ» ይላል። ጠርዙን በጥፍሬ ላጥ ሳደርገው ከሥሩ ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። የሰና ቅጠል ይላል። ከ1 ሳምንት በላይ አይጠቀሙ ይላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ያማክር ይላል። ማስጠንቀቂያውን ነው የሸፈኑት! አንድ ሳምንት የሚለው ላይ 3 ወር ለጠፉበት!

ሰና እኮ ሰናመኪ ነው። የሆድ ድርቀት ማስለቀቂያ። ፋርማሲ የሚሠራው ጎረቤታችን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ሰና የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የበላነው ምግብ ግን እዚያ ሳይደርስ ትንሹ አንጀት መጥጦታል። ስለዚህ ሚዛን ላይ «ቀነስኩ» የተባለው ውሃ ነው። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል፤ በተቅማጥ አይወጣም። ውሃው ሲወጣ ግን ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ይዞ ይወጣል። እትዬ የምትውጠው የግፊት ክኒን ደግሞ የሚያሸና ዓይነት ነው፤ እሱም ፖታሲየም ያስወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል። ይሄን ሲነግረኝ ብርድ ብርድ አለኝ።

ይሄን ሁሉ ይዤ ነው ዛሬ የሄድኩት። በሰላም ነበር የሄድኩት፣ እመቤቴን!

«ውስጡ ምንድን ነው?» አልኳት ሻጯን።

«ቅጠላ ቅጠል ነው የኔ ቆንጆ።»

«የምን ቅጠል?»

«የተፈጥሮ።»

«ተፈጥሮ ያልሆነ ቅጠል የት አለ?» ብዬ ስቲከሩን ገልጬ አሳየኋት። ካርቶኑን ዞር ብላም አላየችው። እኔን ነው ያየችው፣ ከእግር እስከ ራሴ። «ቆይ አንቺ ራስሽ ሞክረሽዋል? ላንቺ ነበር እኮ የሚያስፈልገው» አለች። ሊፕስቲክ የሚመርጡ ልጆች ነበሩ፣ ካርድ ሊገዛ የቆመ ባጃጅ ነጂም ነበር። ሁሉም ዞሩ። «እስቲ ሚዛኑ ላይ ውጪ፣ በነፃ ነው» ብላ በሩ ሥር ያለውን ሚዛን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። አልወጣም አልኩ። «ፈራች» አለቻቸው ለልጆቹ። ሳቁ። ባጃጅ ነጂው «ኧረ ተያት፣ እንዲህ ነው የሚያምርባት» አለ። እሱን ደግሞ ማን ጠየቀው! እኔ ስለ አክስቴ ልብ ልጠይቅ ሄጄ እነሱ ስለ ዳሌዬ ጉባኤ ተቀመጡ። ስወጣ ከኋላዬ «ስንቱ እየጠጣው ነው፣ እስካሁን የሞተ የለም!» ብላ ጮኸች። የሞተ የለም! ዋስትናዋ ይሄ ነው!

ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው «ቅጠል አይጎዳም» ሲል እኔ አይገባኝም። ብርብራ ተፈጥሮ አይደለም እንዴ? ፍሬውን ወቅጠው ጣና ላይ ሲበትኑት ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ኮሶስ? ሲበዛ ዓይን ያጠፋል። አያቶቻችን መጠኑን የሚጠነቀቁት ለዚህ ነበር። ኤፌድራ የሚባል የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ተክል አለ። አሜሪካ ውስጥ ያከሳል ተብሎ እንደ ጉድ ሲቸበቸብ ልብ ላይ አደጋ አመጣና እ.ኤ.አ. በ2004 ታገደ። እሱም ተፈጥሮ ነበር።

የባሰው ደግሞ ቅጠል ተብሎ ቅጠል ያልሆነው ነው። ሲቡትራሚን የሚባል ማክሲያ ነበር። ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ሕመም ያመጣል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ «ተፈጥሯዊ» የተባሉ ማክሲያዎችን ሲመረምር ደጋግሞ እሱኑ አግኝቷል። ካርቶኑ ላይ ግን ስሙ የለም። ታዲያ እትዬ በምን ታውቅ?

ቢሮ ያለችውም አልተወችኝ። ያቺ ጋርሲንያ የሚባል የማክሲያ ክኒን የምታዞረዋ። በምሳ ሰዓት ሽሮዬን እያየች «ይሄን ብትወስጂ እኮ…» ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት አለ፤ 135 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው መድኃኒት ከሌለው ባዶ ክኒን የተለየ ነገር አላገኙበትም። ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም ተመዝግበዋል። ነገርኳት። «ለእኔ ሠርቶልኛል» አለች። በዚያው ሰሞን እራት ትታ በእግሯ ነበር የምትመላለሰው። ምስጋናው ግን ለክኒኑ።

እትዬንስ ለዚህ ያበቃት ማን ሆነና? ማኅበር ላይ አንዷ «አንቺ፣ መቀነቱ አልበቃሽ አለ እንዴ?» አለቻት። በሰው ፊት። ልጅ ወልዳ ያሳደገች፣ ሙሉ ቀን እንጀራ ስትጋግር የምትውል ሴት ናት። እኔም ፈተና ሰሞን ስከሳ «ምነው፣ ታመምሽ እንዴ?» ሲሉኝ ነበር። ስሞላ «ተመቸሽ» አሉኝ። ኧረ ተዉን! ገላችን የአደባባይ ነው እንዴ?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የምግብና መድኃኒት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፣ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ አለ። ሻዩ ግን ሊፕስቲክና ዊግ መሃል ተደርድሮ በጠራራ ፀሐይ ይሸጣል። ሰኞ ካርቶኑን ይዤ ጤና ቢሮ እሄዳለሁ። «ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እጽፋለሁ። ደክሞኛል ግን እጽፋለሁ።

ይሄን እየጻፍኩ እትዬ ደወለች። የሻዩን ነገር ለጎረቤቷ ነግራት፣ ጎረቤቷ «አንቺ ካልጠጣሽው የተረፈውን በግማሽ ዋጋ ስጪኝ» ብላታለች። ስኳር ያለባት ሴትዮ! ቆዩ፣ መጀመሪያ ልደውልላት።