ኪልሞንገር ያን ጭምብል ለምን ወሰደ?

«ብላክ ፓንተር» የሚባለውን ፊልም ያየ የደብረ ማርቆስ ልጅ ማንን ወደድክ ቢባል ንጉሡን ቲቻላን አይልም። ኪልሞንገርን ነው የሚለው። ፑል ቤት ግቡና ጠይቁ፣ ወይ ፊልም በፍላሽ የሚጭነውን ልጅ ጠይቁት። «ልክ ነዋ ሰውየው! ምን አጠፋ?» ነው መልሱ። የራያን ኩግለር ፊልም በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሲወጣ ሰውየውን የሠራው የንጉሡ ጠላት አድርጎ ነው። ተመልካቹ ግን ከክፉዎቹ ተርታ መንጭቆ አወጣውና ፀረ ጀግና አደረገው። ይኸው ዓመታት አለፉ፣ ክርክሩ አልበረደም።

እኔም ሰውየው ደስ ይለኛል። ግን ብዙዎች እሱን የወደዱበት ትዕይንት ለእኔ እሱን እንዳላምን ያደረገኝ ትዕይንት ነው። የሙዚየሙን ማለቴ ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ ነን። ፊልሙ ቦታውን «የታላቋ ብሪታንያ ሙዚየም» ይለዋል፤ ስሙን ትንሽ ነካክተውታል እንጂ የትኛው እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። አንድ መነጽር ያደረገ ጥቁር ወጣት፣ ኪልሞንገር፣ የምዕራብ አፍሪካ ቅርሶች ፊት ቆሟል። የሙዚየሙ ባለሙያ የሆነች ነጭ ሴት ቡናዋን ይዛ ትመጣለች። ይሄ የየት ነው ይላታል፣ ትነግረዋለች። ይሄስ? ትነግረዋለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግን «አይደለም» ይላታል። የእንግሊዝ ወታደሮች ከቤኒን ወሰዱት እንጂ ዕቃው የዋካንዳ ነው (ፊልሙ የፈጠራት የቲቻላ አገር ናት)፣ ቫይብራኒየም ከሚባለው ብርቅ ብረት የተሠራ ነው፣ አሁን እኔ ልገላግላችሁ ነው። የሚሸጥ አይደለም ስትለው ያችን ጥያቄ ይጠይቃታል። አያቶችሽ እንዴት ያገኙት ይመስልሻል? ተገቢውን ዋጋ ከፍለው? ወይስ እንደ ሌላው ሁሉ ነጥቀው?

ድምፁን ከፍ አያደርግም። አይሳደብም። ማይክል ቢ. ጆርዳን ይሄን ሲጫወተው እንደ ትጉ ተማሪ ነው፤ መልሱን እያወቀ የሚጠይቅ ተማሪ። ከዚያ ዘበኞቹ ገና ከገባ ጀምሮ ዓይናቸውን ከሱ እንዳልነቀሉ፣ እሷ ግን ወደ ሆዷ የምታስገባውን እንዳላየች ይነግራታል። ሴትዮዋ ትወድቃለች። ቡናው ተመርዟል። ግብረ አበሮቹ ሕክምና ሰጪ መስለው ይገባሉ፣ ዘበኞቹ ይገደላሉ፣ መስታወቱ ይሰበራል።

ይሄ ትዕይንት ለምን እኛን እንደሚነካን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዝ አንድ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ አብሮት ነበር። ሪቻርድ ሆምስ ይባላል። ወታደር አይደለም፤ ቅርስ ሊሰበስብ ነው የመጣው። የጳጳሱን ዘውድና የወርቅ ጽዋ ዘርፎ የያዘ ወታደር አገኘና ሁለቱን በ4 ፓውንድ ገዛው። የቀረው ጓዝ በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወረደ። እና ኪልሞንገር «ተገቢውን ዋጋ ከፍለው ይመስልሻል?» ሲል እኛ ዋጋውን እናውቀዋለን። 4 ፓውንድ ነው።

ጊዜውም ገጥሟል። ፊልሙ በወጣ በሁለት ወሩ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ዕቃዎች አውጥቶ የጦርነቱን 150ኛ ዓመት አሰበ። ዳይሬክተሩም ዕቃዎቹን ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት መስጠት እንደሚቻል ተናገሩ። ውሰት! የገዛ ዕቃህን። ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ 11 ታቦታት ለማንም ሳያሳይ አስቀምጧል። ይሄን የሚያውቅ ሰው ያን ትዕይንት ሲያይ ቢያጨበጭብ ማን ይፈርድበታል?

አሁን ወደ ጭምብሉ።

ዘረፋው ሊያልቅ ሲል ኪልሞንገር ዞር ይልና ሌላ መስታወት ውስጥ ያለ ትልቅ ባለ ቀንድ ጭምብል ያያል። ያነሳዋል። አብሮት የሚዘርፈው ክላው «ይሄም ቫይብራኒየም ነው እንዳትለኝ» ይለዋል። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? አይደለም፣ ደስ ስላለኝ ነው። በቃ። ይዞት ይወጣል። ተመልካቹ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ፤ ያስቃላ!

ግን እስቲ ቆም ብለን እንየው። ጭምብሉ የዋካንዳ አይደለም። የአባቱም የእናቱም አይደለም። የሆነ ሌላ ሕዝብ ነው የጠረበው፣ ለበዓሉ ይሁን ለሙታኑ እሱ ያውቃል፤ እንግሊዝ መጥታ ወስዳበታለች። ሴትዮዋን ስለ ዝርፊያ ሲፋረዳት የነበረው ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የሌላውን የተዘረፈ ሕዝብ ዕቃ ደስ ስላለው ብቻ ብብቱ ስር አደረገ። ለባለቤቱ ልመልሰው አላለም። የማን እንደሆነ እንኳን አልጠየቀም። ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች ያን ሁሉ ሲጠይቅ የነበረ ሰው ስለዚህኛው አንድ ጥያቄ አላነሳም። ኋላ ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ላይ ክላውን ከአሜሪካ ሰላዮች እጅ ሲያስመልጥ ያንኑ ጭምብል ፊቱን መሸፈኛ አድርጎት እናየዋለን።

ጎጃም ውስጥ ስለ ድሮ ሽፍቶች ሲወራ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ስንት ሰው ገደለ የሚለው ጥያቄ ቶሎ ያልፋል። ሽማግሌዎቹ የሚጨቃጨቁት ሌላ ነገር ላይ ነው። የማንን በሬ አረደ? የሹሙን ከብት ነድቶ ከሆነ በደል ያሸፈተው ሰው ነው ይባላል፣ ይዘፈንለታልም። ባሏ የሞተባትን ሴት በሬ አርዶ ከሆነ ግን አባቱ ቢገደልበት፣ ርስቱ ቢነጠቅበት፣ ማንም ጆሮ አይሰጠውም። ጭምብሉ ያ በሬ ነው። ሙዚየሙን መዝረፉን ይቅር ልንለው እንችላለን። ጭምብሉ ግን የሙዚየሙ አልነበረም።

ይሄን ሳነሳ «እሱም አፍሪካዊ፣ ዕቃውም አፍሪካዊ፣ ምን አለበት?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ። እንግዲያው የዲማ ጊዮርጊስን ብራና የሆነ አገር ያለ አፍሪካዊ ቀለሙ ደስ ብሎት ቢወስደውና ሳሎኑ ውስጥ ቢሰቅለው «ወንድማችን ነው» ብለን ዝም እንላለን? አንልም። ሰማይና ምድር ነው የሚደበላለቀው።

ነገሩ የራሳችንም ታሪክ ውስጥ አለ፤ ይሄኛው ደግሞ ሲነሳ ሰው ይከፋዋል። መቅደላ ላይ ከተዘረፉት ብራናዎችና ንዋየ ቅድሳት ብዙዎቹ ቀድሞ ነገር የመቅደላ አልነበሩም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የወሰዷቸው ናቸው፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲመዘብሩ የሆነውን የማያውቅ የለም። እርግጥ መቅደላ ላይ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ስብስብ ሊያደራጁበት አስበው ነበር። ሐሳቡ ትልቅ ነው። የጎንደር ካህን ግን ሐሳቡን አይደለም ያየው፣ መጽሐፉ ሲወሰድ ነው ያየው። እዚህ ጎጃምም የቴዎድሮስ ስም ሲነሳ ሁሉም እኩል አያጨበጭብም፤ በቴዎድሮስ ላይ ያመፀውን የጎጃሙን ተድላ ጓሉን የሚያነሳ ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ አይጠፋም። ቢሆንም ቴዎድሮስን እንወዳቸዋለን። እኔም እወዳቸዋለሁ። እንግሊዝ ያደረገው ዘረፋም በዚህ አያንስም፣ ሌባ ከማን ቢሰርቅ ሌባ ነው። ግን ትልቅ ሕልም ያለው ሰው የሌላውን ሰው ዕቃ ሲያነሳ እጁ እንደማይንቀጠቀጥ ከኪልሞንገር በፊት አይተናል።

ስለ ቡናው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ሰው በቡና ከተመረዘ ነገሩ አበቃ፤ ገዳዩን የሚያዝንለት የለም። ሽፍታ ፊት ለፊት ይተኩሳል። ሴትዮዋ ደግሞ ምንድን ናት? ደሞዝተኛ ናት። ትንሽ ትኩራራለች፣ አዎ፤ ስለ ሰው አገር ቅርስ ለሰው አገር ልጅ ስታስረዳ ያለው ድምፅ ያናድዳል። ሆምስ ግን አይደለችም። ኪልሞንገር የ1860ውን ዕዳ ከእሷ ነው የተቀበለው። እዚህ ጋ ፊልሙ ጎበዝ ነው፤ ንግግሩ ጥርት ብሎ እውነት እንዲሆን ተወና፣ ከንግግሩ በፊት ግን መርዙን አስጠጣት። ማለትም ጥያቄውን ሲጠይቃት መልስ እየጠበቀ አይደለም። ፍርዱ ተፈጽሟል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው፣ አልክድም። ሆሊውድ እውነቱን ከጥቁር ሰው አፍ አውጥቶ፣ ከዚያ ያን ሰው ነፍሰ ገዳይ አድርጎ እውነቱን አብሮ ይቀብረዋል ይላሉ። ይሄ ስሞታ ግማሹ ልክ ነው። ዋካንዳ ላይ ከነገሠ በኋላ የተቀደሰውን ተክል የምትጠብቀውን አሮጊት ማነቁን ታስታውሳላችሁ? እዚያ ጋ ደራሲዎቹ የፈሩ ይመስለኛል። ተመልካቹ ከሱ ጋር እንዳይቀር አሮጊት ማሳነቅ አስፈለጋቸው። ያ ርካሽ ነው። ተባባሪው የነበረችውን ፍቅረኛውን ክላው ሲይዝበት ሳያቅማማ መተኮሱም እንዲሁ ገፋ ያለ ነው። ጭምብሉ ግን እንደዚያ አይደለም። ማንም አያለቅስበትም፣ ሙዚቃው አይከብድም፣ ቀልድ መስሎ ያልፋል። ሰው ጸባዩ የሚታየው ደግሞ ማንም ልብ አላለኝም ብሎ ሲያስብ ነው፤ ኪልሞንገርን ጠልቶ የሠራ ሰው ይሄን ትዕይንት አይሠራውም። ሰውየውን የሚያውቀው ሰው ነው የሠራው።

አባቱ የተገደለበት ልጅ መሆኑን መቼም እዚህ አገር ማስረዳት አያስፈልግም። የንጉሡ አባት ቲቻካ የገዛ ወንድሙን፣ የኪልሞንገርን አባት፣ አሜሪካ ኦክላንድ ውስጥ ገድሎ ሕፃኑን እዚያው ጥሎት ሄደ። ቢቸና ሄዳችሁ ይሄን ታሪክ ብትነግሩ «ታዲያ ምን ይሁን? ይሸፍታላ!» ነው የሚሏችሁ። በላይ ዘለቀም አባቱን የመንግሥት ሰዎች ገድለውበት ነው የሸፈተው፣ እንደሚተረከው። ልዩነቱ ጣሊያን ሲመጣ ያ ቂም ወዴት እንደሄደ ነው። አባ ኮስትር በላይ ባላገሩን አስታጠቀ፣ ሹመት ሰጠ፣ አምስት ዓመት ቆላ ደጋ ብሎ ተዋጋ። እሱም ቁጡ ነበር፣ ጨካኝም ነበር የሚሉ አሉ፤ መልአክ ነበር የሚል ከኔ አትሰሙም። በ1937 ዓ.ም. የሰቀለው ጣሊያን ሳይሆን የራሱ መንግሥት ነው። ዛሬ የባሕር ዳር አየር ማረፊያ በስሙ ይጠራል፣ እንግዲህ ያስፈረዱበት ሰዎች ተነስተው በሱ በኩል ቢሳፈሩ ደስ ይለኝ ነበር።

የኪልሞንገር ቂም ወዴት ሄደ? ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ መሣሪያ በመላው ዓለም ይከፋፈል ይላል፤ የተገፉት ይነሱ። እሺ፣ እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ቀጥሎ ግን በዋካንዳ ግዛት ላይ ፀሐይ አትጠልቅም ይላል። ይሄ የማን ፉከራ ነው? የእንግሊዝ! ያ ሙዚየም የሞላው ይሄን ሲፎክሩ በነበሩ ሰዎች ነው። ሰውየው ሙዚየሙን ሊበቀል ሄዶ የሙዚየሙን ባለቤት ሆኖ ተመለሰ። የኔ ክርክር ደግሞ ይሄ ኋላ የመጣ ነገር አይደለም የሚል ነው። ጭምብሉን ብብቱ ስር ሲያደርግ አይተነዋል፣ ስለሳቅን አለፈን እንጂ።

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። ያለሱ ንጉሡ አይለወጥም ነበር። ቲቻላ አያቶቹ ፊት ቆሞ ሁላችሁም ተሳስታችኋል ያላቸው የዚህን ሰው ቁስል ካየ በኋላ ነው። አገሩን ለዓለም ከፈተ፣ ኦክላንድ ላይ ሕንፃ ገዛ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድረስ ሄዶ ተናገረ። ያን ጭምብል ግን የት አደረሱት? ቲቻላም አላነሳውም። ደጉ ንጉሥ፣ ቻድዊክ ቦዝማን ነፍሱን ይማረውና በዚያ ሁሉ ግርማ የተጫወተው ንጉሥ፣ የማን እንደሆነ ሊጠይቅ አልታየም።

ይሄን ሁሉ ፑል ቤቱ ውስጥ ስለፈልፍ «አንተ ደግሞ ነገር ታከራለህ» ብለው ሳቁብኝ። አንዱ ብቻ፣ እንጨቱን ኖራ እየቀባ፣ ደህና ነገር ጠየቀኝ። «እሺ፣ ትቶት ቢሄድስ? ሴትዮዋ ልትመልሰው ነበር?» አለኝ። አትመልሰውም ነበር። እሱን ልክ ነው፣ ውሰት ትለው ነበር።