መርዶ ደብቀን ማንን ነው ምናድነው?

ውጭ ሀገር ዘመድ ያለው ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል። እናት ሞታ ተቀብራለች፣ ሰልስቷ ወጥቷል፣ አርባዋም ደርሷል፣ ሜሪላንድ ያለችው ልጇ ግን አሁንም እሁድ እሁድ በዋትስአፕ እየደወለች "እማዬን አቅርቡልኝ" ትላለች። ስልኳ ተበላሽቶ ነው፣ ጸበል ሄዳ ነው ኔትወርክ የለም፣ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቶ ነው፣ ሰበቡ አያልቅም። ልጅቷ ፈተና እስክትጨርስ፣ ወይ እስክትወልድ፣ ወይ ወረቀቷ እስኪያልቅ ተብሎ ነው እንግዲህ፣ አንዱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ይመጣል።

በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰው ወዳጁን ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ብሎ ነው ሚደብቀው። ግን ወር ሁለት ወር አንዳንዴ አመት ሲደበቅ እኔ በበኩሌ ከለላ ነው አልልም፣ ሰውየውን ሀዘኑን መንጠቅ ነው ባይ ነኝ።

ለምን ብትሉኝ፣ ስለ አእምሮ ጤና ስናወራ ሁሌ ምንለው ባለሙያ የለም፣ ሆስፒታል የለም፣ ቴራፒ ውድ ነው ነው፣ እሱ እውነት ነው። ሀዘን ላይ ግን እኛ ጋ ያለው ነገር ብዙ ሀገር የለም እኮ። ድንኳኑ ይተከላል፣ እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ይመጣል፣ ሀዘንተኛ ቤት ምግብ አይሰራም ጎረቤት ነው ሚያመጣው፣ ሰው ቁጭ ብሎ ያድራል፣ የሞተው ሰው ስም እየተነሳ ይለቀሳል፣ መሃል ላይ የሱ ቀልድ ተነስቶ ይሳቃል፣ እንደገና ይለቀሳል። ከዛ ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። ሙስሊሙ ጋም ቀብሩ በእለቱ ያልቅና ለተእዚያ የሚመጣው ሰው ግን ቤቱን ይሞላዋል። ይሄ ሁሉ የተሰራው ያ ሰው መሞቱን ልብ ቀስ እያለ እንዲቀበለው ነው። መርዶ የተደበቀባት ልጅ ደግሞ ይሄ ሁሉ አልፎ ነው ምትሰማው። እኛ አልቅሰን፣ ድንኳኑን ነቅለን፣ ወደ ስራ ተመልሰን፣ እሷ አሁን ልትጀምር ነው፣ ያውም ከማን ጋር?

የሚገርመው ራሱ የድሮው መርዶ አነጋገር መደበቅ አልነበረም። ንጋት ላይ ነው ሚሄዱት፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ብቻውን ሳይሆን። ሽማግሌ ይኖራል፣ የነፍስ አባት ይኖራሉ፣ ጉልበት ያለው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል ቢወድቅ እንዲይዘው። በጠዋት ያን ሁሉ ሰው በሩ ላይ ሲያይ ግማሹን ራሱ ያውቀዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. ሮበርት በክማን የሚባል የካንሰር ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ለሐኪሞች ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር ስድስት ደረጃ ያለው መመሪያ አውጥቶ ነበር፣ ዛሬም በብዙ የህክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ቦታውን አዘጋጅና አጠገቡ ሰው ይኑር፣ እስካሁን ምን እንደሚያውቅ ጠይቅ፣ ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ እወቅ፣ አጭርና ግልጽ አድርገህ ንገር፣ ለስሜቱ ጊዜ ስጠው፣ ከዛ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አብራችሁ አስቡ ነው ነገሩ። ንጋት ላይ መርዶ ሲያደርሱ የኖሩ ሽማግሌዎች አብዛኛውን ያለ መመሪያ ሲያደርጉት ኖረዋል። ለሊቱን አሳድረው ጠዋት መንገር ነበር ስርአቱ፣ እኛ ያቺን አንድ ለሊት ወስደን አመት አደረግናት።

ደግሞ አሁን ፌስቡክና ቲክቶክ ባለበት ዘመን ደብቄ እቆያለሁ ማለት ራሱ ቀልድ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ ፎቶ ለጥፎ "ነፍስ ይማር" ሲል አለቀ። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን የገደለበትን ቪዲዮ ሲለቅ ቂርቆስ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የለዩት ከዛው ከቪዲዮው ነበር፣ ንጋት የለ ሽማግሌ የለ። እሱ እንኳን ማንም ሊያዘጋጀው የማይችል ነገር ነው፣ እናትህ አልጋ ላይ ሞታ ግን አንተ ከኮሜንት ስር ስታነበው የሰው ጥፋት አለበት።

ሳያውቁ መቆየት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ የለብንም። ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ህዳር 2020 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ጀምሮ ስልክ ተቆርጦ ስንቱ እናት ልጇ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ቆየች፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እንኳን ለሞቱት ታጋዮች ይፋዊ ሀዘን የታወጀው ወደ አመት ገደማ ቆይቶ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ላይ ነው፣ ያኔ ነው ለሶስት ቀን በየቤቱ የተለቀሰው። ከዛ በፊት የነበረው ጊዜ ሀዘንም ተስፋም አልነበረም፣ ማልቀስ እንደ ክህደት ይቆጠራል፣ አለማልቀስ ደግሞ ያንቃል። ቤተ እስራኤሎቹም ይሄን ያውቁታል፣ በሰማኒያዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ሲወጡ በመንገድና በካምፕ ወደ 4 ሺህ ሰው እንደሞተባቸው ነው የሚነገረው፣ የሞተባቸውን እስራኤል ከገቡ በኋላ የሰሙም አሉ። እነዚህ ሰዎች ሳያውቁ የቆዩት ጦርነትና ስደት ከልክሏቸው ነው። ታዲያ እኛ ስልኩም ኔትወርኩም እየሰራ በእጃችን ያንኑ ነገር ለወንድማችን ለምን እንሰራለታለን?

ሌላው የማይወራው ነገር ደግሞ የሚደብቁት ሰዎች ናቸው። አባቷን የቀበረች ልጅ ጥቁሩን አውልቃ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ቪዲዮ ኮል ላይ እየሳቀች ለወንድሟ "አባዬ ተኝቷል" ስትል አስቡት። እሷ መቼ ነው ምታዝነው? ሚስጥሩን የያዘ ቤት ሁሉ እንደዚህ ነው፣ ልጆች እንዳይናገሩ ይመከራሉ፣ ስልክ ሲጮህ ቤቱ ይደነግጣል። በመጨረሻ ነገሩ ሲወጣ ደግሞ የተደበቀበት ሰው ሁለት ነገር ነው ሚደርስበት፣ ሞቱና ውሸቱ። ከዛ በኋላ "ሁሉም ደህና ነው" ብትሉት አያምናችሁም። እንዲህ የሆነባት አንዲት ልጅ አውቃለሁ፣ ዛሬም ድረስ ከሀገር ቤት ሲደወልላት መጀመሪያ ምትጠይቀው የደወለላትን ሰው ሳይሆን ያልደወለውን ሰው ነው፣ እሱን ካሜራ ላይ ካላሳያችሁኝ ትላለች።

በሽተኛ ላይም ያው ነው። ሐኪሙ ለቤተሰብ ይነግራል፣ ቤተሰብ ከበሽተኛው ይደብቃል፣ ሰውየው ጥቁር አንበሳ ጨረር ክፍል በር ላይ ተሰልፎ እያለ "ትንሽ እብጠት ናት" ይሉታል። ሰውየው እኮ ያውቃል፣ የማያወራው እናንተ እንዳትደነግጡ ብሎ ነው። ልጆች ጋ ሲሆን ደግሞ "አባባ ውጭ ሀገር ሄዷል" ነው። ህጻን ልጅ ሞት መመለስ እንደሌለው ገና አይገባውም፣ ስለዚህ ይጠብቃል፣ ለምን አይደውልም ብሎም ይናደዳል፣ ጥሎኝ የሄደው ምን አጥፍቼ ነው ብሎ ራሱ ላይ ያዞረዋል። "ተኝቷል" የተባለ ልጅ ደግሞ መተኛት ሲፈራ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አጭር አድርጎ ሞቷል፣ አይመለስም፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ እኔ ካንተ ጋር ነኝ ማለት ይሻላል።

ሁሉም የተደበቀበት ሰው ይታመማል እያልኩ አይደለም፣ አብዛኛው ሰው በጊዜ ብዛት ይወጣዋል። ማይወጣው ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሰራበት የበሽታዎች መመደቢያው ከ6 ወር በላይ ቆይቶ ሰውን ከስራ ከኑሮ የሚያስቀር ሀዘንን ራሱን የቻለ ህመም ብሎ አስገብቶታል፣ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ደግሞ ለአዋቂ ሰው አንድ አመት ብለዋል። አመት አልፎትም ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ከሆነበት፣ የሟቹን ስም መስማት ካልቻለ፣ አሁንም መሞቱን ካላመነ፣ እሱን "ጠንከር በል" ማለት አይበቃውም፣ ባለሙያ ጋ ይዞ መሄድ ነው።

ከባዱ ጥያቄ አረብ ሀገር ያለችው እህታችን ናት፣ እሱን አልክድም። ቤይሩት ወይ ሪያድ የሰው ቤት ውስጥ ያለች ልጅ፣ ፓስፖርቷ አሰሪዋ ጋ ነው፣ መምጣት አትችልም፣ ማታ በስልክ ብትሰማ ማን ያቅፋታል? ጠዋት ተነስታ የሰው ልጅ ልታሳድግ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መዘግየት ይገባኛል፣ እረፍት ወጥታ ከጓደኞቿ ጋ እስክትሆን፣ ወይ ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ የምታገኛት ሰው እስኪገኝ። እሱም ቢሆን በቀናት እንጂ በወራት መሆን የለበትም። ጓደኛዋን አስቀድሞ ማግኘት፣ እሷ አጠገቧ ተቀምጣ እንድትነግራት ማድረግ፣ ከዛ እዚህ ያለው ቤተሰብ በቪዲዮ አብሯት ማልቀስ። እረፍት ጭራሽ የማትወጣም አለች፣ ለሷ ጥሩ መልስ የለኝም።

እኛ ቤት በዚህ ጉዳይ ቁጭ ብለን አውርተናል። ወንድሜ ዱባይ ነው፣ እህቴ ዴንቨር ናት፣ ሁለቱም የአንድ የአንድ ጓደኛቸውን ስልክ ሰጥተውኛል፣ የሆነ ነገር ከተፈጠረ መጀመሪያ እሱ ጋ ነው ሚደወለው፣ እሱ ቤታቸው ይደርሳል፣ ከዛ እኔ እደውላለሁ፣ በነጋታው ሳያልፍ። እህቴ ወዲያው ተስማማች። ወንድሜ "እኔ ስራ ላይ ከሆንኩ ግን ማታ ድረስ ጠብቁኝ" አለ፣ ይሁን አልነው። እናቴ ወሬውን ከጓዳ ሰምታ "ምን ታሟርታላችሁ፣ እኔ እኮ አለሁ" ብላ ተቆጣች፣ ትንሽ ቆይታ ግን መጥታ የሷ ወንድም ጎንደር ያለው ከታመመ ለሷም እንዳንደብቃት አስማለችን።