እግዚአብሔር ካለ፣ ሐሙስ

መጻሕፍቴ መሬት ላይ ናቸው። ቤት ስንቀይር በካርቶን ታስረው መጡ፤ ባለቤቴ «አውጣቸው እንጂ፣ አይጥ ካንተ ቀድሞ ይጨርሳቸዋል» አለችኝ፤ አወጣኋቸውና ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። የቆሙት ግን ለጥቂት ቀን ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተተ ሁሉም ተጋደሙ። መደርደሪያ የሚሠራልኝ አናጢ አፈላልጌ አገኘሁ። ግድግዳውን ለካ፣ በእርሳስ ምልክት አደረገ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፣ ቀብድ ተቀበለ። ቀብዱን የተቀበለበትን ቅልጥፍና ሳይ «እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው በሁለት ቀን ያደርሰዋል» ብዬ ተጽናናሁ። «መቼ ይደርሳል?» ስለው ቀና ብሎ ኮርኒሱን ተመለከተ። እኔም አብሬው ቀና አልኩ፤ ኮርኒሱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። «እግዚአብሔር ካለ፣ ሐሙስ» አለኝ።

ዛሬ ሦስተኛው ሐሙስ ነው። ጠዋት ደወልኩለት። አልደነገጠም። እንዲያውም የማይገባውን ልጅ በትዕግሥት እንደሚያስተምር መምህር ለስለስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እግዚአብሔር ካለ ነው ያልኩዎት» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ አሰላሰልኩት። እንደ አነጋገሩ ከሆነ እሱ በበኩሉ ምንም አላጓደለም። መጋዙ ተስሏል፣ መላጊያው ተዘጋጅቷል፣ ኮላው ተበጥብጧል፤ ያላለው እግዚአብሔር ነው። ታዲያ እኔ በማን ልናደድ? አናጢን መውቀስ የአባት ነው። ከፈጣሪ ጋር ስለ ባለ አምስት ደርብ ችፑድ ለመሟገት ግን ድፍረቱም የለኝም፣ ዕድሜዬም አይፈቅድም።

አያቴ «እግዜር ካለ» ሳትል ስለ ነገ ተናግራ አታውቅም። «እግዜር ካለ ነገ ጠላ እንጠምቃለን» ካለች በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ቤቱ በወይራ ጢስ ይታፈናል፤ ጋኑ ይታጠናል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ እኛ ልጆቹ እየሳልን ከመደብ እንወርዳለን። «እግዜር ካለ» ስትል «ሌሊቱን ካልሞትኩ» ማለቷ ነበር። ለእሷ እግዜር ከልካይ ነው፤ እሱ ካልከለከላት የሚከለክላት የለም። ለአናጢዬ ግን እግዜር ቀስቃሽ ነው፤ ራሱ መጥቶ ትከሻውን ነቅንቆ ካላስነሣው መጋዝ አይጨብጥም። ቃሉ ያው ነው። በአንዱ አፍ ትሕትና፣ በሌላው አፍ የሕመም ፈቃድ ሆኖ ያገለግላል።

ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሠርግ የተጠራ ሰው «እግዚአብሔር ካለ እመጣለሁ» ካለ ደጋሹ አንድ ወንበር ይቀንሳል። «እመጣለሁ» ብቻ ካለ ወንበሩ ይቆይለታል። «ካልመጣሁ ሞቷል በሉ» ካለ ደግሞ ከነልጆቹና ከእህቱ ልጆች ጋር ስለሚመጣ በሬ መጨመር ነው። አማርኛችን «አይሆንም» የሚል ቃል ያጣ ይመስል እምቢታችንን ሁሉ በፈጣሪ አፍ እንናገራለን። ለለማኝ እንኳ «የለኝም» አንልም፤ «እግዜር ይስጥህ» ብለን ወደ ሌላ ክፍል እንመራዋለን፤ ጉዳዩ እኛን አይመለከትም።

አናጢው በሁለተኛው ሐሙስ «በመጽሐፍም እንዲሁ ተጽፏል» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ተጽፏል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ፣ ወደ አንድ ከተማ ሄደን ዓመት ተቀምጠን ነግደን እናተርፋለን የሚሉትን ሰዎች፣ እንዲህ ከምትሉ ጌታ ቢፈቅድ በሉ ይላቸዋል። እኔ ግን ተናድጄ ስለነበር ማንበቤን ቀጠልኩ። ገጹን ገለጥ ሲያደርጉ ምዕራፍ 5 ይመጣል። ቁጥር 4 ላይ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽ፣ ቁጥር 12 ላይ ደግሞ አዎን ያላችሁት አዎን፣ አይደለም ያላችሁት አይደለም ይሁን የሚል ተጽፏል። አናጢዬ ምዕራፍ 4 ላይ መጽሐፉን የዘጋው ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ይህን ለባለ ሱቁ ጎረቤቴ ነገርኩት፤ ሙስሊም ነው። ሳቀና በእነሱም ዘንድ አል-ካህፍ በተባለው ምዕራፍ፣ አላህ ቢሻ ሳትል ነገ ይህን አደርጋለሁ አትበል የሚል እንዳለ አጫወተኝ። ከዚያ የዱቤ መዝገቡን ከፍቶ አሳየኝ። «የእኛዎቹስ እሺ፤ ክርስቲያኖቹም እኮ ዱቤ ሲጠይቁ በእኔ ቋንቋ ኢንሻአላህ ይሉኛል፤ ሲከፍሉ ግን አንድም ቀን ኢንሻአላህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። የሚከፍል ሰው ብሩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ዝም ብሎ።

የደመወዙ ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ የማይሳቅበት ነው። ከእኛ ሁለት በር አልፎ ካለው ግቢ ልብስ የምታጥብ ሴት አለች። ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ እጆቿ በሳሙና ነጥተው ተጨማደዋል። «ሰኞ እግዚአብሔር ካለ እንሰጥሻለን ብለውኛል» አለችኝ። ሰኞ መጥታ ነበር። ረቡዕም መጥታ ነበር። የግቢው ሰዎች በየማለዳው ኪዳን የማያስታጉሉ፣ ጾም የማይገድፉ ናቸው፤ ይህን በአሽሙር አይደለም የምለው፣ አውቃቸዋለሁ። ለዚያች ሴት የሚሰጠው ገንዘብ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ እግዚአብሔር ምን እንዲል ነው የተጠበቀው? ወርደህ ከኮቴ ኪስ አውጣልኝ ነው? ሰው የራሱን ስስት በራሱ ስም ቢጠራው ቢያንስ ስስት ብቻ ይሆናል። የፈጣሪን ስም ደርበንበት ስንወጣ ግን ሌባ በቄስ ጥምጥም ተሸሽጎ እንደሚያልፈው ነው።

ይቅርታ፤ ወደ አናጢው ልመለስ። ስቆጣበት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ተረተብኝ። ይህን ተረት ደግሞ እወደዋለሁ፤ ለዚህ ነው በተለይ የጎዳኝ። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ያቺን ሴት ለመዝለፍ ነው፤ እስቲ በእርጋታ እዩት። ያፈሰሰችው የያዘችው ነገር ስለነበር ነው። እህሉ ተለቅሟል፣ ሰፌዱ ተነሥቷል፣ ሥራው ተጀምሯል። ሲፈስባትስ «እግዜር ካለ እለቅመዋለሁ» አለች? ጎንበስ ብላ ለቀመች! ተረቱ ራሱ መስክሮላታል፤ አፍሳ ለቀመች። እኔ እንዲህ ያለች አናጢ ባገኝ የምለቅመውን አብሬያት እለቅም ነበር። የእኔው አናጢ የሚያፈሰው እንኳ የለውም።

ለነገሩ ተረቶቻችን ሁሉ ለዘገየ ሰው ጠበቃ ናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እንቁላሉ እግር የሚያወጣው ተፈልፍሎ ጫጩት ሲሆን መሆኑን፣ ለዚያም ዶሮዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳትነሣ መታቀፍ እንዳለባት የሚያነሣ የለም። ሦስት ሳምንት! የእኔም መደርደሪያ ሦስት ሳምንት ሆነው። ዶሮ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ይሄድ ነበር።

ድሮ እንዲህ ያለ ሰው መላ ነበረው። ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይውሉ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ሁለቱ ተያይዘው ቆመው ይታያሉ፤ የትኛው አበዳሪ የትኛው ተበዳሪ እንደሆነ ከፊታቸው መለየት ያስቸግራል፣ ሁለቱም እኩል መሯቸዋል። ዛሬ ቁራኛ የሚለው ቃል የቀረው በአባባል ውስጥ ነው፤ በሽተኛውን የአልጋ ቁራኛ እንላለን፣ የምንጠረጥረውን በዓይነ ቁራኛ እንጠብቃለን። አንዳንዴ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከአናጢዬ ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረን ስንዞር ይታየኛል። ጀበና ቡና ሲጠጣ አብሬው እጠጣለሁ። ለነገሩ ያገኘሁትም እዚያው ነው፤ ባለፈው ሐሙስ ከሱቁ ማዶ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ዘንድ፣ አዲስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ። በርጩማውን የሠራላት እሱ ነው። ለእሷ እግዚአብሔር ብሏል ማለት ነው።

መንገድ ላይ የሚሸሽ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረበት ዘመን ነው ያ። «ምኒልክ ይሙት» ተብሎ የተያዘ ቃልም በዋዛ አይታጠፍም። ልብ በሉ፤ ያኔ የአምላክ ስም የሚጠራው ሰውን ለማቆም ነበር። እኛ ስሙን ለማምለጫ አዋልነው።

አሁን ደግሞ ስለ ማርፈድ ካነሣን የዕድሩን ነገር ካልተናገርኩ ይህ ጽሑፍ አይጸዳልኝም። ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አልረሳሁትም፣ ለመርሳትም ዕቅድ የለኝም። በክረምት፣ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስብሰባ ተጠራ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሁለት ከሩብ ላይ ደረስኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ስሜን በቀይ አሰመረበት፤ 50 ብር ቅጣት። ስለ ጎርፉ ላስረዳ ስል «መተዳደሪያ ደንቡ ጎርፍ የሚል የለውም» ተባልኩ። እሺ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰብሳቢው ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። «ተመስገን፣ እግዜር በሰላም አደረሰኝ» አሉ። ተሰብሳቢው ብድግ ብሎ «እንኳን በደህና መጡ» አላቸው፤ አንዷ እናት እንዲያውም እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እሳቸውን እግዜር አደረሳቸው፤ እኔ ግን በራሴ ነው ያረፈድኩት። ከዚያ የመጀመሪያው አጀንዳ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ሰዓት ስለማክበር። ሰብሳቢው አርባ ደቂቃ ተናገሩበት። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ወደ እኔ አዩ።

ቅጣቱን ከፍያለሁ። ደረሰኙም አለኝ፤ አንድ ቀን ያስፈልገኛል ብዬ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የትኛው መጽሐፍ ውስጥ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ምክንያቱም መጻሕፍቴ መሬት ላይ ናቸው።

አዎ፣ መደርደሪያው። ስለ ሐሙሶቹ ያወቅሁትን ልንገራችሁ፤ ለሌላ ባለቀብድ ይጠቅም ይሆናል። መጀመሪያው ሐሙስ ቀኑ 5 ነበር፤ «አቦ ነው፣ መጋዝ አላነሣም» አለኝ። ሁለተኛው 12፤ ሚካኤል። ዛሬ 19፤ ገብርኤል። የቀን መቁጠሪያ ፊት ቆሜ ጣቴን ስሰድ ነው የገባኝ። የወሩ ሐሙስ 5 ላይ ከዋለ ሰባት ሰባት እየጨመረ ሦስቱን ታላላቅ በዓላት ተራ በተራ ይረግጣቸዋል። ይህን ቀን ሲመርጥልኝ ኮርኒሱን ያየው በከንቱ አልነበረም፤ ራሱ ውስጥ ባሕረ ሐሳብ አስልቶ ነበር። ለንስሐ አባቴ ሳማክራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ በዓሉን ማክበሩስ ደግ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን አየኸው?» አሉኝ። አላየሁትም። ያየሁት በርጩማው ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሐሙስ 26 ነው። እስኪ ልቅደመው ብዬ አሁን፣ ይህን ስጽፍ፣ እንደገና ደወልኩለት።

«የሚመጣው ሐሙስ እንኳ በዓል የለውም» አልኩት።

ዝም አለ። ኮርኒሱን እያየ እንደሆነ ገባኝ።

«ጋሼ» አለኝ፣ ቅር ባለው ድምፅ፣ «አቡነ ሀብተ ማርያምን ረስተዋቸው ነው?»