ሞተር የያዘ መንገድ ይልቀቅ

ወገኖቼ፣ በተለይ በመስቀል አደባባይ፣ በሜክሲኮና በፒያሳ ዙሪያ ማለዳና ማታ መሪ የምትጨብጡ ሁሉ፣ ዛሬ የምወቅሳችሁ የባሕርን ሕግ አንሥቼ ነው። የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ስለ መርከብ ምን አገባው አትበሉኝ፤ ከጅቡቲ ተነሥተው ውቅያኖስ የሚያቋርጡት የንግድ መርከቦቻችን የሚተዳደሩት ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውና ከ1977 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ፣ በሞተር የሚሄድ በሸራ ለሚሄደው መንገድ እንዲለቅ ያዝዛል። ባለ ሸራው የሚጓዘው ነፋስ የሰጠውን ያህል ነው፤ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንለትም፣ ባለ ሞተሩ ግን ወደፈለገበት ይዞራል፤ ስለዚህ የሚችለው ይልቀቅ ተባለ። ይህ ማለት ግን ሸራ የሰቀለ ሁሉ እንዳሻው ይሁን ማለት አይደለም። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ ከመሥመሩ መውጣት የማይችለውን ትልቅ መርከብ ማደናቀፍ አይፈቀድለትም፤ ሌላውን ሲቀድምም የመጠንቀቁ ግዴታ የራሱ ነው።

እኛ ግን ነገሩን ገልብጠነዋል፤ ከተማችን ውስጥ ቅድሚያ የጉልበተኛ ሆኗል። ለገሃር ዜብራ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ሲያሳርፉ፣ የሚመጣው መኪና አይቆምም፣ አያልፍምም፤ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረገ በስንዝር በስንዝር ይጠጋል። እሳቸው ወደ ኋላ ይላሉ፣ እሱ ይገፋል፤ እሱ ቆም ሲል እሳቸው ይጀምራሉ፣ መልሶ ይገፋል። ሾፌሩ በልቡ ቅድሚያ የሰጠ ይመስለዋል። የባሕሩ ደንብ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ መንገድ የሚለቅ መርከብ ቀደም ብሎ፣ ሌላው በቀላሉ በሚያየው መጠን ይዙር እንጂ በጥቂት በጥቂቱ እየተጣመመ አያደናግር ይላል። እናንተም ከዜብራው ራቅ ብላችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ከመሥመሩ በፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ያኔ እግረኛው መቆማችሁን ዓይቶ በሙሉ ልብ ይሻገራል።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። አንዱ በጨዋ ደንብ ሲቆም፣ ከኋላው ያለው «ምን ሆኖ ነው የቆመው?» ብሎ ሳይጠይቅ በጎን ቀድሞት ይወረወራል፤ የቆመው መኪና የጋረደው ልጅ ግን መሻገር ጀምሯል። ባሕር ላይ ሌላውን የሚቀድም ሁሉ፣ ባለ ሸራም ይሁን ባለ ሞተር፣ ከሚቀደመው መርከብ መራቅ ግዴታው ነው፤ ፈጽሞ አልፎ እስኪርቅ ድረስም ግዴታው አይነሣለትም። ዜብራ ላይ የቆመ መኪናን መቅደም በእኔ ዓይን ችኮላ ሳይሆን የሰው ነፍስ መናቅ ነው። ለዚህ ማመካኛ አላውቅም፤ ነግ በኔ የሚል ሰው አያደርገውም።

ክላክሱንም ተዉት። መርከብ አምስትና ከዚያ በላይ አጫጭር ጡሩንባ አከታትሎ ሲያሰማ «ሐሳብህ አልገባኝም፣ ያሰጋኛል» ማለቱ ነው፤ የእኛ ክላክስ ግን «ከፊቴ ዞር በል» ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ላይ ሳይቀር!

እግረኞች ሆይ፣ እናንተም ከወቀሳ አታመልጡም። ቅድሚያ የተሰጠው መርከብ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ሳይለውጥ እንዲጓዝ ይገደዳል፤ ሌላው የሚጠብቀው ይህንኑ ነውና። መሐል ላይ ደርሳችሁ ድንገት የምትመለሱ፣ ወይም ስልካችሁ ላይ አቀርቅራችሁ የምትጎተቱ፣ ሊቆምላችሁ የፈቀደውን ሾፌር ታሳስቱታላችሁ። በአንጻሩ ባለ ግዴታው እንደማይለቅ ከታያችሁ ገለል በሉ፤ ደንቡም ግጭት ሲቃረብ ባለ ቅድሚያው ራሱ እንዲሸሽ ያዝዛል።

በአዲሶቹ የብስክሌት መሥመሮች ላይ የምትከንፉ ሞተረኞችም አላችሁ። ሸራውን የዘረጋ መርከብ ሞተሩንም አስነሥቶ ከተጓዘ በሕግ ፊት ባለ ሞተር ነው፤ ቀንም ከሆነ ሹሉ ወደ ታች የሆነ ጥቁር ምልክት ሰቅሎ ይህንኑ ያሳውቃል። የእናንተማ ድምፁ ብቻ ይበቃል። መሥመሩን ለብስክሌተኛው ለቃችሁ ወደ አስፋልቱ ውረዱ።