የበዓል ፕሮግራም ነው ወይስ የማስታወቂያ ሰዓት?

እረ በናታችሁ፣ የበዓል ፕሮግራም የምትሠሩ ሰዎች ትንሽ እዘኑልን! ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ይፈላል፣ ያው አምና ያየናቸው አርቲስቶች ሶፋ ላይ ተደርድረው ያንኑ የልጅነት ትዝታቸውን ይደግሙልናል። ጨዋታው ሞቅ ሊል ሲል አቅራቢዋ "ወደ ስፖንሰሮቻችን እንሂድ" ትላለች። ከዚያማ ባንኩ፣ ሪል እስቴቱ፣ ዘይቱ፣ ዳይፐሩ... ዶሮው ተበልቶ አልቆም አይመለሱም። በ2011 የወጣው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ሲያግድ ተገላገልን ተብሎ ነበር፤ ለካ ቦታውን የሚሻማ ሞልቷል። ጭራሽ አሁን እንግዳው ራሱ ቡናውን ፉት እያለ የአፓርታማ የካሬ ዋጋ ያስረዳናል፣ አቅራቢዋም "ዋው!" እያለች ታጨበጭባለች። ቻናል ብትቀይሩም ያው ነው። ኧረ ቢያንስ ሰውዬው የጀመረውን ቀልድ ይጨርስ!